የሜዳዩ ጀርባ ይነበብ!

ባለፈው እትማችን አንድ የክበባችን አባል «ብረት ብረት ነው» በሚል ርእስ የጻፈውን ያላነበበ የለም። ያላነበበ ቢኖር እንኳ በየመኝታ ክፍሉ ሲያከራክር ሰምቷል። ወዳጃችን የጀርመን የጦር ሜዳዮች ይሰበስባል። ፍራንክፈርት የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቃቀመ ይልክለታል፤ እሱም እያንዳንዱን በጥጥ ጠቅልሎ በጫማ ካርቶን ውስጥ ያኖረዋል። በጽሑፉ የነገረን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሜዳይ የእጅ ጥበብ ሥራ ነው፤ ሰብሳቢ የጥበብ ወዳጅ ነው፤ የጦርነትን ኃጢአት በብረት ላይ መለጠፍ የፖለቲከኛ ወግ ነው፤ ቴምብር የሚሰበስበውን ሰው ማን «የማን ንጉሥ ነው ያለበት?» ብሎ ጠይቆት ያውቃል?

ጽሑፉ እንደ ወጣ ሁለት ዓይነት ጩኸት ተሰማ። አንደኛው ወገን «ተዉት እንጂ፣ የማንንም ደጅ አልረገጠ፣ የራሱ ጉዳይ ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ካርቶኑን ከነብረቱ ሽንት ቤት ይክተተው» አለ። እኛ ከሁለቱም ጋር አይደለንም። መሃል ሰፋሪ ሆነንም አይደለም። ሁለቱም ወገን አንድ ስሕተት ስለተሳሳተ ነው፤ ሁለቱም ሜዳዩን አላነበበውም። አንዱ አይቶ ወደደው፣ አንዱ አይቶ ጠላው። ያነበበው ግን የለም።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው፤ በብረቱ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች እነሱው ናቸውና።)

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከብረት መስቀሉ እንጀምር። ወዳጃችን ስለ ውበቱ የጻፈው ልክ ነው፤ አንክድም። በመጋቢት 1813 የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ብሬስላው ከተማ ሆኖ ኒሻኑን ሲመሠርት አገሩ በናፖሊዮን ተረግጣ፣ ግምጃ ቤቱም ተራቁቶ ነበር። ሴቶች የወርቅ ጌጣቸውን ለጦርነቱ እየሰጡ በምትኩ የብረት ቀለበት ያጠልቁ ነበር። ኒሻኑም እንደ ዘመኑ ከብረት ተሠራ፤ ጥቁር ብረት፣ ዙሪያውን ቀጭን የብር ጠርዝ፣ በቃ። ቅርጹን ያወጣለት ካርል ፍሪድሪሽ ሺንክል የሚባለው ታላቅ አርክቴክት ነው። ይህን ሁሉ ወዳጃችን ጽፎታል። ያልጻፈው ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። የብረት መስቀሉ በማዕርግ አይለይም ነበር፤ ለጄኔራሉም ለተራው ወታደርም ያው አንዱ መስቀል ነው። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አውጉስት ሉቤክ ነኝ ብላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የዘመተች ፍሪደሪከ ክሩገር የምትባል ሴት ሳትቀር ተሸልማዋለች።

ታዲያ ይህን ደግ ታሪክ ለምን ተወው? የብሩን ጠርዝ ሲያይ ስለዋለ ነው። «ፖለቲካ አላስገባም» የሚል ሰው መጥፎውን ታሪክ ብቻ የሚያስወጣ ይመስለዋል፤ መልካሙንም አብሮ ጠርጎ እንደሚያስወጣው አይታወቀውም።

እንቀጥል። መስቀሉ ያኔ ለዚያ ጦርነት ብቻ ነበር። ግን በ1870 ታደሰ፣ በ1914 ታደሰ፣ በ1939 ታደሰ። በ1914 የተጀመረው ጦርነት እስኪያልቅ የሁለተኛው ደረጃ መስቀል ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ተሰጠ። በመስከረም 1 ቀን 1939 ደግሞ ሂትለር ጦሩን ወደ ፖላንድ ባሻገረበት በዚያው ቀን አደሰው፤ መሃሉ ላይ ስዋስቲካ አኖረበት፤ ጥብጣቡን በቀይ አሰፋው። ልብ በሉ! በዚያ ማለዳ ገና ጀብዱ የሠራ ሰው አልነበረም። ሽልማቱ ግን ተዘጋጅቷል።

እንግዲህ የ1813ቱ መስቀል ወራሪን ላስወጣ ሰው ነው የተሰጠው። የ1939ኙ ለወራሪ ነው። ቅርጹ ያው፣ ብረቱ ያው፣ የብሩ ጠርዝ ያው፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል። ብረት ብረት ነው ያለን ሰው ይህን በምን ያስረዳናል?

አሁን ወደ ዋናው ጠባችን እንምጣ።

ወዳጃችን በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ሊገዛት ስለሚመኛት አንዲት ሜዳይ ያወራል። ወንድሙ የላከለት የጨረታ ካታሎግ ላይ ሥዕሏን አሳይቶናል፤ እኛም ተቀባብለን አይተናታል። የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ መታሰቢያ ሜዳይ ትባላለች። ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ በ1907 ያወጣት ናት፤ የነሐሷ ለተዋጋ፣ የብረቷ አብሮ ሄዶ ላልተዋጋ። ፊቷ ላይ የራስ ቁር የደፋች ሴት አለች። ጀርባዋ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የስም ምልክትና የተመሳቀሉ ሰይፎች፣ አብሮም «ለድል አድራጊዎቹ ተዋጊዎች» የሚል ጽሑፍ። በጥብጣቧ ላይ ደግሞ ወታደሩ የዘመተበት ቦታ ስም የተቀረጸባቸው ቀጫጭን ዘንጎች ይሰካሉ። ካታሎጉ ላይ ያየናት ሁለት ዘንግ አላት። አንዱ ዋተርበርግ ይላል። ሌላው ኦማሄኬ ይላል።

ስለ እነዚህ ሁለት ቃላት ወዳጃችን የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንጓ በበዛ ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል የሚል!

እሺ፣ እኛ እናንብበው። ዋተርበርግ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት አገር ያለ አምባ ነው። በነሐሴ 11 ቀን 1904 የጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ ጦር በጀርመን ቅኝ ግዛት ላይ የተነሣውን የሄሬሮ ሕዝብ እዚያ ከበበ። የተከበበው ጦር ብቻ አልነበረም፤ ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ከነከብቱ የሰፈረ ሕዝብ ነበር። ሄሬሮዎቹ ቀለበቱን ሰብረው ወጡ። የወጡት ግን በስተ ምሥራቅ ወዳለው ውሃ አልባ አሸዋ ነው። ያ አሸዋ ነው ኦማሄኬ። ጀርመኖቹ ከኋላ እየተከተሉ ገፏቸው፤ የውሃ ጉድጓዶቹን ያዙ፤ መመለሻውን ዘጉ። በጥቅምት 2 ቀን ፎን ትሮታ ትእዛዝ አወጣ። በጀርመን ወሰን ውስጥ የሚገኝ ሄሬሮ መሣሪያ ያዘም አልያዘም፣ ከብት ነዳም አልነዳም ይተኰሳል፤ ሴትና ሕፃንም ከእንግዲህ አይቀበሏቸውም፤ ወደ በረሃው ይመለሳሉ ወይም ይተኰስባቸዋል። ይህ በምስጢር የተንሾካሾኩት አይደለም፤ በጽሑፍ የወጣ አዋጅ ነው። በርሊን ትእዛዙን የሻረችው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። የተረፉትም ወደ እስረኛ ሰፈርና ወደ ግዳጅ ሥራ ተነዱ፤ ቀጥሎ የተነሡት ናማዎችም እንዲሁ። ሉደሪትስ ወደብ አጠገብ ሻርክ ደሴት በተባለው ሰፈር ብዙዎቹ በብርድ፣ በረኃብና በበሽታ አለቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ይለያያል፤ በ1985 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው ዘገባ ግን የሄሬሮ ሕዝብ ከ80 ሺህ ወርዶ 15 ሺህ ያህል የተራበ ስደተኛ ብቻ እንደቀረ ይናገራል፤ ነገሩንም በስሙ ዘር ማጥፋት ብሎታል።

አሁን ዘንጓን መልሳችሁ እዩዋት። ኦማሄኬ! ብዙ ሰው የሞተው እዚያ በጥይት አይደለም፤ በውሃ ጥም ነው። እዚያ የቆመ ወታደር «ድል አድራጊ ተዋጊ» የተባለው ማንን ድል አድርጎ ነው? ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ እናትና ልጅ እንዳይጠጡ የከለከለ ሰው በየትኛው ቋንቋ ነው ተዋጊ የሚባለው? የካይዘሩ መንግሥት ይህን ቃል ሲቀርጽ ስሕተት አልሠራም፤ አስቦ ነው የቀረጸው። የውሃ ጥሙን ጦርነት አለው፣ ጦርነቱን ድል አለው፣ ድሉን በነሐስ አተመው። ለጄኔራሉማ ሜዳዩ ከመውጣቱ በፊትም ታስቦለታል፤ በ1905 ፑር ለ ሜሪት የተባለውን ታላቅ ኒሻን አንገቱ ላይ አጥልቆለታል። ታላቁ ፍሪድሪሽ በ1740 የመሠረተው፣ ፈረንሳይኛ ስሙ «ለሥራው» እንደ ማለት የሆነ ኒሻን ነው። ለሥራው!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለምርምር እየተባለ ወደ ጀርመን ከተጫኑት የሙታን የራስ ቅሎች የመጀመሪያዎቹ ወደ ናሚቢያ የተመለሱት በ2011 ነው፤ ከዚያም በ2014 እና በ2018 ሌሎች ተከተሉ። በበርሊን ርክክብ ሲደረግ ዘሮቻቸው ቆመው አልቅሰዋል። የጀርመን መንግሥት «በዛሬ ዓይን ሲታይ ዘር ማጥፋት ነው» ብሎ ያመነው በግንቦት 2021 ነው፤ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮም ለልማት እሰጣለሁ አለ። ብዙ የሄሬሮና የናማ መሪዎች ግን «ስለ እኛ ሲነጋገሩ እኛ አልነበርንም» ብለው አልተቀበሉትም። ይህ ሁሉ በአደባባይ እየተባለ፣ ካታሎጉ ላይ ያለው ጽሑፍ «ሁለት ዘንግ፣ ጥሩ ይዞታ» ብቻ ነው።

የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው የሚለን አይጠፋም። እንዴት ሆኖ? ጀርመን በ1915 ከዚያች አገር ከተባረረች በኋላ ደቡብ አፍሪካ ይዛት አፓርታይድን ስትዘረጋባት፣ በኅዳር 1960 ሔግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክስ ያቀረቡት ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ አንዷ ላይቤሪያ፣ ሌላዋ ኢትዮጵያ። ስድስት ዓመት ተሟገቱ። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ «ከሳሾቹ በዚህ ጉዳይ የሚያስከስስ መብት የላቸውም» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። አገራችን ስለዚያች ምድር በዓለም ፊት የቆመች አገር ናት እንግዲህ። የኛ ተማሪ የዚያችኑ ምድር ሜዳይ ሲገዛ ዘንጓን መቁጠር ብቻ ነው ያወቀው።

ወዳጃችን ይህን ሲያነብ «ታዲያ የቅኝ ግዛቷ ሜዳይ ልዩ ናት፤ የኔ ካርቶን ውስጥ ያለው ተራ የ1914 መስቀል ነው፣ እሱ ምን በደለ?» ይለን ይሆናል። መልካም፣ ተራውን እንየው።

ሜዳይ የሰጪው ቃል ነው። መንግሥት ለዜጋው «ደምህን አይቻለሁ፣ አልረሳውም» ብሎ የሚሰጠው ቃል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የጀርመን ይሁዲዎች በጀርመን ጦር ተሰልፈው ነበር፤ 12 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም። ብዙዎቹ ይህንኑ የ1914 መስቀል ተሸልመዋል። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1916፣ የጦር ሚኒስቴሩ «ይሁዲዎች ከግንባር ይሸሻሉ» የሚለውን ሐሜት ተከትሎ አስቆጠራቸው፤ ውጤቱን ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ አላወጣውም። በሚያዝያ 1 ቀን 1933 ናዚዎች ከይሁዲ ሱቅ አትግዙ ብለው በየበሩ ዘብ ሲያቆሙ፣ ኮሎኝ ላይ አንድ ነጋዴ የብረት መስቀሉን ደረቱ ላይ ሰክቶ ከዘቡ ጎን በሩ ላይ ቆመ። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ያ ሰው ያወጣው ጌጥ አልነበረም፤ ደረሰኝ ነበር። ቃል የገባህልኝ መንግሥት ሆይ፣ ይኸው ፊርማህ ማለቱ ነው።

መንግሥቱ ምን አደረገ? በ1934 ለቀድሞ ዘማቾች ሁሉ አዲስ የክብር መስቀል ሲታደል ይሁዲዎቹም ደረሳቸው፤ የምስክር ወረቀቱ በፉህረሩ ስም የተጻፈ ነው። በ1935 የቀድሞ ዘማች ነው ተብሎ ሥራው ላይ ቀርቶ የነበረው ይሁዲ ሠራተኛም ተባረረ። በጥር 1942 ባለሥልጣኖቹ በርሊን ዳር ቫንዜ ላይ ተሰብስበው የአውሮጳን ይሁዲ የማጥፋቱን ሥራ ሲያደላድሉ ስለ ተሸላሚዎቹም አልረሱም፤ የአንደኛ ደረጃ የብረት መስቀል ያለው ወደ ቴሬዚንሽታት ይወሰድ ተባለ። ከቴሬዚንሽታት ደግሞ ባቡሩ ወደ አውሽቪትስ ይሄድ ነበር። ሂትለር ራሱ እስኪሞት ከደረቱ ያልለየው የአንደኛ ደረጃ መስቀል በነሐሴ 1918 ሲሰጠው «ይሸለም» ብሎ ያቀረበው መኮንን ሁጎ ጉትማን የሚባል ይሁዲ ነበር፤ ጉትማን ኋላ አገሩን ጥሎ አሜሪካ ተሰደደ።

እና ወዳጃችን፣ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው የ1914 መስቀል የማን ነበር? በጥጥ የጠቀለልከው የማንን ቃል ነው? ምናልባት የአንድ የባቫሪያ ገበሬ ልጅ ነው። ምናልባትም የዚያ የኮሎኙ ነጋዴ ዓይነት ሰው ነው። አታውቅም። አለማወቅህ አይደለም ያናደደን፤ ለማወቅ አለመፈለግህ ነው።

ስለ ምሥራቁ ሜዳይ ብዙ አንልም። ካርቶኑ ውስጥ አንድ አለ። በ1942 የወጣ፣ የ1941ን ክረምት በሩሲያ ግንባር ላሳለፈ የሚሰጥ፤ ውርጭ የቆረጠው ሰውም ይደርሰው ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ወዳጃችንም ቀልዱን ወዶት ጽፎታል። እኛም ስቀናል። ግን በዚያው ክረምት በጀርመን እጅ ከወደቁት የሶቪየት ምርኮኞች ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርሱት በሽቦ አጥር ውስጥ በረኃብና በብርድ አልቀዋል። ሜዳዩ ስለ ብርዱ ይናገራል፤ ብርዱ ማንን እንደገደለ አይናገርም።

አንድ ሌላ ምልክት ግን አለ፤ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። በጥር 30 ቀን 1944 የተመሠረተ የደረት ምልክት ነው። ሰይፍ ብዙ ራስ ያለው እባብ ሲወጋ ያሳያል። ስሙ «የሽፍታ ውጊያ ምልክት» እንደ ማለት ነው፤ ሃያ የውጊያ ቀን ላለው ነሐስ፣ ሃምሳ ላለው ብር፣ መቶ ላለው ወርቅ። ሽፍታ የተባለው ማነው? አገሩን የወረረውን ጦር ከጫካ የተዋጋ የቤላሩስ፣ የዩክሬን፣ የዩጎዝላቪያ ሰው ነው። ሂምለር በ1942 «ፓርቲዛን» የሚለው ቃል እንዳይጠራ፣ በምትኩ «ሽፍታ» እንዲባል አዝዞ ነበር። ኻቲን የምትባለው የቤላሩስ መንደር ከነነዋሪዋ በጎተራ ውስጥ የተቃጠለችው በመጋቢት 1943 ነው፤ 149 ሰው፣ ከነሱ ውስጥ 75 ሕፃናት። ምልክቱ የተመሠረተው ከአሥር ወር በኋላ ቢሆንም «የሽፍታ ውጊያ» ሲባል የነበረው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ለኛ ይህ ተብራርቶ ሊነገረን አይገባም ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘበት አምስት ዓመት አርበኛውን ሽፍታ ሲለው አልሰማንምን? አያቶቻችን በአርበኛና በሽፍታ መካከል ያለውን ልዩነት በደም ነው የጻፉት። ያንን ምልክት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ስሙን ተርጉሞ ለአያቱ ያንብብላቸው። ከዚያ በኋላ ከፈለገ በጥጥ ይጠቅልለው።

ሰብሳቢዎች አላዋቂዎች ናቸው ማለታችን አይደለም። እንዲያውም እውቀታቸው ያስደንቃል። ማግኔት አስጠግተው የመሃሉ ብረት እውነተኛ መሆኑን ይለያሉ። በአጉሊ መነጽር የጠርዙን ብየዳ ይመረምራሉ። በቀለበቱ ላይ ካለች አንዲት ቁጥር የሠራውን ፋብሪካ ያውቃሉ። ጥብጣቡን በአልትራቫዮሌት መብራት አይተው ክሩ ካበራ ከጦርነቱ በኋላ የተሸመነ ሰው ሠራሽ ክር ነው ይላሉ። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ይህን ያህል የሚደክም ዓይን በእውነተኛው ላይ የተጻፈው ሐሰት እንዴት አይታየውም? ይህን ነው የምንጠይቀው። ኦማሄኬ የምትለዋ ዘንግ እውነተኛ ልትሆን ትችላለች፤ «ለድል አድራጊዎቹ» የሚለው ቃል ግን ሐሰት ነው።

ከሁሉ የከፋው የንግዱ ልማድ ግን መበተን ነው። አንድ ወታደር ሲሞት ሜዳዩ፣ የመሸለሚያ ወረቀቱ፣ የወታደርነት መታወቂያ ደብተሩ፣ ፎቶግራፉ በአንድ ሣጥን ይገኛሉ። ነጋዴው ለየብቻ ሲሸጣቸው የበለጠ ካተረፈ ይበታትናቸዋል፤ መስቀሉ ለአንዱ፣ ደብተሩ ለሌላው፣ ፎቶግራፉ ለሦስተኛው። ደብተሩ ላይ ስሙ፣ ክፍለ ጦሩ፣ የተሸለመበት ቀን አለ። ወረቀቱ የሌለው መስቀል ምላሱ የተቆረጠ ምስክር ነው። ነገሩ ተራ የሰብሳቢ ቁጭት እንዳይመስላችሁ፤ የፕሩሲያ ጦር መዛግብት አብዛኛው በሚያዝያ 14 ቀን 1945 ፖትስዳም ላይ በወረደው የአየር ድብደባ ተቃጥሏል። ማን የት ዘመተ፣ የት ተሸለመ፣ እዚያ ቀን እዚያ መንደር ማን ነበረ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ከአንድ ሟች ቤት የወጣ ደብተር ብቻውን ሊመልስ ይችላል።

«ሽንት ቤት ይክተተው» ያላችሁን ወገኖቻችን፣ ይህን የምንነግረው ለእናንተም ነው። ማስረጃውን ገደል የሚጥል ከሳሽ አይተን አናውቅም። ኦማሄኬ የሚለውን ቃል በነሐስ የጻፈው ሄሬሮ አይደለም፤ የበርሊን መንግሥት በገዛ እጁ ነው የጻፈው። ይህን የመሰለ የእምነት ቃል እንዴት ይጣላል? የኛ ጥያቄ ይነበብ ነው።

ጀርመኖቹስ? በ1957 ምዕራብ ጀርመን ሕግ አወጣች፤ የሁለተኛው ጦርነት ሜዳይ ያለው ሰው ስዋስቲካው ከወጣለት መልበስ ይችላል። አዲስ ተሠራ፤ በስዋስቲካው ፋንታ የወይራ ሳይሆን የኦክ ቅጠል ገባ፤ መስቀሉ ቀረ፣ 1939ም ቀረ። የዘመተው ሰው በሕይወት ነበርና ፖለቲካው ይገባናል። ግን አንድ ምልክት ስለተፋቀ ሥራው ተፋቀ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እንደዚያ አድርጎ ነው የተቀበለው። ዛሬም በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 86 ሀ የናዚ ምልክት ለአደባባይ ማሳየት ክልክል ነው፤ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለኪነ ጥበብ ሲሆን ብቻ ይፈቀዳል። እናም የጨረታው ካታሎግ ስዋስቲካዋ ላይ ትንሽ ጥቁር ወረቀት ይለጥፋል። ወዳጃችን በዚህ ወረቀት ይስቃል። እኛ ግን አንድ ነገር ገረመን፤ ያቺ ጥቁር ወረቀት በኦማሄኬ ላይ አልተለጠፈችም። ኦማሄኬን የሚያውቅ ሕግ የለም።

ቴምብር ስላልከውም እንመልስ። ቴምብር ደብዳቤ ስለላከ ሰው ነው። ሜዳይ ግን ለአንድ ሥራ የተከፈለ ነው፤ ሥራው ምን እንደነበር ሳይጠይቁ ክፍያውን ማድነቅ አይቻልም። የ1813ቱን መስቀል ብታገኝ ከነፍሪደሪከ ክሩገር ታሪኳ አምጣው፤ አብረን እናደንቃለን። የ1914ቱን ከነባለቤቱ ስም ፈልገው፤ ደብተሩ ሌላ ሰው እጅ ካለ ሁለታችሁ ተጻጻፉ፣ አንድ ላይ ሰብስቡት። ወንድምህንም ጠይቀው፤ መስቀሉን ሲገዛ ሻጩ ከየት አገኘሁት አለው? ከመንገድ ላይ ሰው? ከሟች ቤት? ከየትኛው ከተማ? ይህን ጥያቄ ገና አልጠየቅኸውም፤ ባለፈው ሳምንት ራስህ ነግረኸናል።

ያቺን ባለሁለት ዘንግ ሜዳይም ግዛ አትግዛ አንልህም፤ ገንዘቡ የወንድምህ ነው። ከገዛሃት ግን በክበባችን አዳራሽ ለማሳየት ቃል ገብተህልናል። ስታሳያት ጀርባዋን ወደ ላይ አድርገህ አስቀምጣት፤ ከጎኗም የጥቅምት 2 ቀን 1904ን ትእዛዝ በአማርኛ ተርጉመህ ለጥፍ። ጀርመንኛ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አለ፤ ይረዳሃል። የምትመልሰው ካለህም የሚቀጥለው እትም ሦስት ገጽ ተትቶልሃል፤ እስከ ወሩ አሥራ አምስት ድረስ አድርስልን።